የሱሪ ወንበር

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ሃምሳ ዓመቴ። ሠላሳ ዓመት በመርፌ ከኖርኩ በኋላ፣ የአንድ ሙሽራ ሱሪ በሠርጉ ቀን፣ በአማቱ እግር ሥር፣ ሕዝብ እያየ የተቀደደው በዚያ ዓመት በጥር ወር ነው። ሱሪውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ የስፌት መኪናዬን አቁሜያለሁ። ዓይኔ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አላይ አለኝ፤ አንገቴም አንዴ ካጎነበሰ ለመቃናት ይለመናል። ልጄ «አባባ፣ የሥራህን ነገር ጻፈው» ብላ ደብተር ገዛችልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ እንደ ስፌቴ ቀጥ አይልም። ቢሆንም የማውቀውን አውቃለሁ። የማውቀውም አንድ ነገር ነው፦ ወንድ ልጅ ሱሪውን ምን ላይ መታጠቅ እንዳለበት። ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም።

ሥራውን የጀመርኩት አንኮበር ነው፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጋሽ እንድሪስ በረንዳ ላይ። ጋሽ እንድሪስ አልዩ አምባ ተወልደው ወደ ደጋ ወጥተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ያኔ ሃምሳ ግድም ይሆናቸዋል። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ።

ልማዳቸው ግራ የሚያጋባ ነበር። ሰው ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ ወዲያው ሜትር አያወጡም። በርጩማ ይስቡለታል። «ቁጭ በል። መንገዱ እንዴት ነው? በቅሎህ ደህና ናት?» ይሉታል። ሰውየው ተቀምጦ የበቅሎውን ታሪክ ሲያወራ እሳቸው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሊለኩት ብድግ ሲሉ ጠመኔው ከእጃቸው ይወድቃል። «ኧረ በአላህ፣ አቀብለኝማ!» ሰውየው ጎንበስ ብሎ ያቀብላቸዋል። ለሚቀጥለውም ሰው ይወድቃል። በቀን አምስት ሰው ቢመጣ አምስት ጊዜ ይወድቃል። እኔ «እጃቸው እየከዳቸው ነው» ብዬ አዝንላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰውየው ቀድሜ ዘልዬ አነሳሁላቸው። እጄን በሜትሩ ጠበጠቡኝ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

ረዳሁ ብዬ ተመታሁ። ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። ማኩረፍ ጥንትም እችልበታለሁ።

ከወገብ እስከ ብሽሽት ያለውን የሱሪ ክፍል እሳቸው «ወንበር» ይሉታል። «የዚህን ሰውዬ ወንበር ስንዝር ከአራት ጣት አድርገው» ይሉኛል፤ እኔ አደርጋለሁ። ለምን ወንበር እንደተባለ ጠይቄ አላውቅም። ዳቦ ለምን ዳቦ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ስለ ሰው ገላ ግን ብዙ አስተምረውኛል። ሆዱ የገፋ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ይሉ ነበር፤ አንደኛው ሆዱን ሱሪ ውስጥ የሚያስገባ፣ ሁለተኛው ሆዱን ከሱሪው በላይ ተሸክሞ የሚሄድ። ሁለቱን በአንድ ልክ የሰፋ ሰው ሁለቱንም አጣ። ላይ ለሚታጠቀው ወንበሩን አስረዝም፣ እምብርቱን ይለፍለት። ታች ለሚታጠቀው ፊቱን አሳጥር። ቀጭን ሰው ደግሞ እስከ ጎድኑ ከሳብክበት ጆንያ ውስጥ የቆመ ሸምበቆ ይመስላል፤ መሃል ላይ፣ ከአጥንቱ ትንሽ ከፍ አድርገህ ተወው። ጀርባው ረጅም እግሩ አጭር ለሆነ ሰው ወገቡን ከፍ አድርግለት። «እግሩን ከጀርባው አበድረው» ይሉኝ ነበር። ከቆላ የሚመጡት ሽርጥ የለመዱ ናቸው፤ ሽርጥ እምብርት ላይ ነው የሚታሰር። ለእነሱ ዝቅ ያለ ሱሪ ሰፍተህ ከሰጠሃቸው ቀኑን ሙሉ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ሆኖ ይውላል፤ የገበያ ዕቃ የሚያነሱበት አንድ እጅ ብቻ ይቀራቸዋል።

በሰባ አራት ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁና የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ እሱን ልተወው። ሊቀመንበራችን አቶ ከበደ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ከመኪናዎቹ በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ። የዘበኛና የተማሪ የደንብ ልብስ ነበር የምንሰፋው። ግድግዳው ላይ ሦስት ካርቶን ተሰቅሏል፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። በካርቶኑ ታሰምራለህ፣ ትቆርጣለህ፣ አለቀ። አንድ ቀን የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሱሪው ደረቱ ላይ ደርሶበት መጣ። እኔ ለአቶ ከበደ «ይህ ሰውዬ ጀርባው አጭር ነው፣ ወንበሩ ይቀነስለት» አልኳቸው።

«የምን ወንበር?»

ነገርኳቸው።

«ግርማ፣ ሱሪው ልክ ነው። ዘበኛው ይስተካከል!»

ሁላችንም ሳቅን። ዘበኛውም ሳቀ፣ ሱሪውን እንደያዘ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። አሥር ዓመት በካርቶን ስትቆርጥ እጅህ ይፈጥናል፤ ዓይንህ ግን ይተኛል። የእኔ ዓይን እንደተኛ አላወቅሁም። ማኅበሩ ሲፈርስ ካርቶኖቹን «ለማስታወሻ» ብዬ ተሸክሜ ወጣሁና ገበያው አጠገብ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ለማስታወሻ አልነበረም። እሠራባቸው ነበር።

እንግዲህ ሙሽራው። ጌታቸው ይባላል፣ የሰላ ድንጋይ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን የከብት ሐኪም። ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ጭኑና መቀመጫው ደንዳና። ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ገዝቶ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛውን ሱሪ አይቶ ልቡ ተሰቅሏል።

«ጋሽ ግርማ፣ ዝቅ ያለ ነው የምፈልገው። እንደ አባቴ እምብርቴ ላይ አልታጠቅም» አለኝ።

«ዝቅ ይላል» አልኩት።

አቆምኩት። ወገቡን ለካሁ፣ ቁመቱን ለካሁ። «ትልቅ» የሚለውን ካርቶን አወረድኩና ከላይ ሦስት ጣት ቀነስኩ፤ ከፊትም ሦስት፣ ከኋላም ሦስት። ሲለብሰው መስተዋት ፊት አቆምኩት። እውነቴን ነው፣ ቆሞ ሲያዩት ሙሽራ ነው። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ሲል ፊቱ ትንሽ ጨፍገግ አለ።

«ስቀመጥ ይይዘኛል መሰለኝ።»

«አዲስ ልብስ ነው፣ ይለመዳል» አልኩት።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ሠርጉ እሑድ ነበር። እኔም ተጠርቼ በልጅቷ ቤት ዳስ ውስጥ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ ሥራዬን ለማየት ነው እንጂ ለምግቡ አልነበረም። የሙሽሪት አባት ጋሽ ደምሴ የእህል ነጋዴ፣ ግዙፍ ሰው፣ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ሰምጠው ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ሰናይት ቀድማ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ መብራቱን ይዞ ከኋላ ዞረ። ጌታቸው ጎንበስ አለ። የጋሽ ደምሴ ጉልበት ዝቅ ስላለ እሱም ይበልጥ ዝቅ አለ።

ጨርቅ ሲቀደድ ድምፁን ከማንም በፊት የምሰማ እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ሰማ።

አንዱ ከዳሱ ጥግ «ኧረ በሩን ዝጉለት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ገባበት!» ብሎ ጮኸ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደምሴ ሆዳቸውን ይዘው ከሁሉም በላይ ሳቁ። ዘፋኞቹ ወዲያው ግጥም ገጠሙ፤ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም። ሚዜው ኮቱን አውልቆ የጌታቸው ወገብ ላይ አሰረለት። ጌታቸው ቀና ሲል ዓይኑ ሰውን እየዘለለ እኔን ፈለገና አገኘኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳልበላ ወጣሁ።

በማግስቱ ሰኞ ማለዳ ሚዜው ሱሪውን በፌስታል ይዞ ሱቄ መጣ። «ሙሽራው መልስ አልሄድም ብሏል። መልሱ ረቡዕ ነው። እዚያ ቤት ሁለተኛ አልንበረከክም ነው የሚለው። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ‹መልስ ያልመጣ አማች ንቆኛል ማለት ነው፣ ልጄን ይመልስልኝ› ብለዋል። በሉ እንግዲህ፣ ትዳሩ በእርስዎ ሱሪ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ዝቅ ይበልልኝ ያለው እሱ ነው!» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሱሪውን ገልብጬ አየሁት። ስፌቱ ለቆ ቢሆን ክሩን እወቅስ ነበር። ስፌቱ እንዳለ ነው። የተቀደደው ከስፌቱ ጎን ጨርቁ ራሱ ነው። ጨርቅ እንዲህ የሚቀደደው ሲያጥር ነው፤ የሚያሳጥረው ደግሞ የሰፊው እጅ ነው። ሱቄን ቆልፌ የአንኮበርን መኪና ተሳፈርኩ።

ጋሽ እንድሪስ ሰማንያ ሞልተዋል፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁልፍ ይተክላሉ እንጂ ሱሪ መቁረጥ ትተዋል።

«ግርማ! አንተ ግትር፣ ከየት ተገኘህ?»

«ጋሼ፣ ሱሪ ተቀደደብኝ።»

«ያንተ?»

«የሙሽራ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «የት ጋ?»

«ከኋላ። የአማቱን ጉልበት ሲስም።»

«ስትለካው ጉልበት ስሞ ነበር?»

«ኧረ ቆሞ ነበር።»

«እንግዲያ ለቆመ ሰው ሰፋህለት። ወላሂ፣ ሰው ቆሞ የሚኖረው ፎቶግራፍ ሲነሳ ብቻ ነው። ይቀመጣል፣ በቅሎ ላይ ይወጣል፣ እኛ እንሰግዳለን፣ እናንተም ትሰግዳላችሁ። እኔ ስሙን ‹ወንበር› ብዬ የነገርኩህ አቁመህ እንድትለካው ነው?»

ሠላሳ ዓመት በአፌ ስጠራው የኖርኩት ቃል ነው።

«ጠመኔውስ?» አሉኝ። «ለምን ይወድቅብኝ ይመስልህ ነበር?»

«እጅዎ የደከመ...»

አላስጨረሱኝም። ከኮሌታቸው መርፌ ነቀሉ፣ ክር ምላሳቸው ላይ አስነኩ፣ በሰማንያ ዓመታቸው በአንድ ጊዜ አስገቡት። «ይህ እጅ ነው የደከመው? ሰው ‹ጎንበስ በል› ብትለው ተሽኮርምሞ ጎንበስ ይላል። ዕቃ አንሣ ብትለው ግን እንደ ቤቱ ነው የሚያጎነብሰው። ያኔ ቀበቶው ከኋላ ስንት ጣት እንደሚወርድ ታየዋለህ። ያንን ያህል ከኋላ ትጨምርለታለህ። ከፊት ዝቅ በል ካለህ እስከ ፈለገው ዝቅ አድርግለት፤ ኋላው ግን የእሱ አይደለም፣ የሥራው ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትሰማ ነበር? ሦስት ቀን ያኮረፍከኝን ረሳኸው?»

ማክሰኞ ጠዋት ፌስታሉን ይዤ ጌታቸው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሰናይት ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ጌታቸው አልጋው ጫፍ ላይ በቁምጣ ተቀምጧል።

«ሰውዬውን አስወጪልኝ» አላት።

«አላስወጣም። አባቴ ቤት ነገ ብቻዬን ከሄድኩ ብቻዬን ነው የምቀረው። የቀደዱት ይስፉት!»

«በቁምህ ልለካህ አልመጣሁም» አልኩት። «ጎንበስ ብለህ አሳየኝ።»

«ደግሞ ላጎንብስ? አልበቃዎትም?»

ልክ ነበረ። ንግግር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ጥፋት ሲኖር የሚደረገውን ነው። ፌስታሉን አስቀመጥኩና ጉልበቱን ልስም ወረድኩ። በሃምሳ ዓመቴ፣ ልጄ ለሚሆን ሰው።

«ኧረ ጋሽ ግርማ! ኧረ በማርያም!» ብሎ ከአልጋው ተስፈንጥሮ ወረደና ሊያነሳኝ በሁለት እጁ ብብቴን ያዘ። ጀርባው ተለጠጠ፣ ሸሚዙ ወጣ፣ የቁምጣው ወገብ ከኋላ ሽቅብ መሳብ ሲገባው ቁልቁል ተንሸራተተ። አየሁት። እንደ ጋሽ እንድሪስ አየሁት።

«ቆይ! እንዳለህ ቆይ!»

«ምን?»

«አትቀና! ሰናይት፣ ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አውጪልኝ!»

እሷ ቀድማ ገባትና ሳቀች። እሱ አጎንብሶ እኔን እንደያዘ፣ እኔ ተንበርክኬ፣ እሷ ሜትሩን ከኋላው ዘርግታ የቁምጣው ወገብ የወረደውን ለካችልኝ። «አራት ጣት ከምናምን» አለችኝ። ካርቶኔ ላይ የሌለ ቁጥር ነው። ጌታቸውም አጎንብሶ ሳለ ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁን መልሶ ሊይዘው ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ሱሪው አዲስ ሊቆረጥ አይችልም፤ ከሱፉ የተረፈው ቁራጭ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ቀበቶ ማስገቢያውን ፈታሁ። ፊቱን እሱ እንደወደደው ዝቅ ብሎ ተውኩት። በጀርባው በኩል ከተረፈው ጨርቅ መሃሉ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ቆርጬ ገጠምኩ፤ ኮት ሲለበስ አይታይም። በብሽሽቱ መገናኛ ላይ በጥለት ላይ እንደሚሸመነው ያለ ባለ አራት ጎን ቁራጭ አስገባሁ፣ እግር ሲከፈት እንዲከፈት። የተቀደደውን ከውስጥ ደገፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ሰፋሁ፣ ዘመዘምኩ፣ ተኮስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ዛሬ ትንሽ ልበል። አሁን ከተማችን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆኗል፣ ሱሪ በሺህ ይቆረጣል። ሰው «ሥራችሁ ሞተ» ይለኛል። አልሞተም፤ ቤት ቀየረ። ልጄ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቆራጭ ናት። የኋላው ወንበር ከፊቱ መርዘም እንዳለበት ለአለቃዋ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀባት። አሁን አዲስ ናሙና ሲመጣ ራሱ ለብሶ ቁጭ ብድግ እያለ ነው አሉ የሚፈትሸው። እኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀብኝን እሱ በአንድ ወር አወቀው። አልቀናሁም። ትንሽ ቀንቻለሁ። ወጣቶችም ዝቅ አድርገው ሲታጠቁ አልቆጣም፤ መደብር ገብታችሁ ስትለኩ ግን መስተዋቱን ተዉትና ጫማችሁን እሰሩ እላቸዋለሁ። ጫማህን አስረህ ስትነሳ እጅህ ሱሪህን ሊስብ ከሄደ ሱሪው ያንተ አይደለም።

ረቡዕ መልሱ ላይ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ክር ያለው መርፌ ኮቴ ላይ ሰክቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ጋሽ ደምሴ እዚያው ሶፋቸው ላይ ናቸው። ጌታቸውና ሰናይት ሲገቡ ዳሱ ጸጥ አለ፤ ሰው ጆሮውን እንጂ ዓይኑን ይዞ አልመጣም። የቪዲዮው ልጅ እንደገና ከኋላ ዞረ። እኔ ኮሌታዬን ነከስኩ።

ጌታቸው ተንበረከከ። አንዱን ጉልበት ሳመ። ሌላውን ሳመ። ምንም። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ራሱን ያዙና ጮክ ብለው «ምነው ዛሬ ዝም አለ?» አሉ።

ጌታቸው ከተንበረከከበት ሳይነሳ «አባባ፣ ካስፈለገ እስከ ፋሲካ እዚሁ መቆየት እችላለሁ» አላቸው።

የዚያን ቀኑ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነበር። ጋሽ ደምሴ በሁለት እጃቸው አነሱት፣ ሁለት ጉንጩን ሳሙት፣ ከጎናቸው አስቀመጡት። ሰናይት ወደ በሩ ዞር ብላ ለእኔ በዓይኗ ቦታ አሳየችኝ። ያን ቀን በላሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። ተተኩሶ የተሰቀለ የአንድ መምህር ሱሪ ነበር፣ ያን ዕለት የሚረከበው። አወረድኩት፣ ምላጬን አወጣሁ፣ የኋላውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ፈታሁት። መምህሩ ለክፍል ቸኩሎ ሲገባ ጨርቁ ጭኔ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አገኘው።

«ጋሽ ግርማ! አልደረሰም እንዴ?»

«ሱሪውማ ደርሶ ነበር» አልኩት። «ያልደረስከው አንተ ነህ። ና፣ ቁጭ በል።»